ከአሥራቱ አምስት ቁጥር ቀደም ብሎ

ወገኖቼ፣ ሚልክያስ 3፥10 በየጉባኤው ደጋግመን ከምንሰማቸው ክፍሎች አንዱ ነው። እግዚአብሔር ሕዝቡ አሥራቱን ወደ ቤቱ እንዲያስገባ ያዘዘበት፣ የሰማይን መስኮት እንደሚከፍትላቸውም ተስፋ የሰጠበት ቃል ነው። መባ ሊሰበሰብ ሲል ስለሚነበብ ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘነዋል። እዚያው ምዕራፍ ላይ አምስት ቁጥር ወደ ኋላ ብንመለስ ግን ስለ ሌላ ገንዘብ የተጻፈ እናገኛለን። እግዚአብሔር ለፍርድ ሲቀርብ ፈጥኖ የሚመሰክርባቸው ሰዎች ተዘርዝረዋል። መተተኞች አሉ፣ አመንዝሮች አሉ፣ በሐሰት የሚምሉ አሉ። ከእነሱ ጋር ደግሞ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀር ሰው አለ። ነቢዩ መተተኛውንና ደመወዝ የሚበላውን በአንድ መዝገብ ነው የጻፋቸው። ቁጥር 10 የሚሰበከውን ያህል ቁጥር 5 ሲሰበክ አልሰማሁም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

የምጽፈው በየቤታችን ስለምትሠራው ልጅ ነው። ክርስትናችን እውነት መሆን አለመሆኑን ከመጋቢያችንም ከንስሐ አባታችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። መጋቢው የሚያየን እሑድ ነው፤ የንስሐ አባታችንም የሚሰማው እኛ የነገርነውን ነው። እሷ ግን ከአምልኮ ተመልሰን ወጡ ጨው በዝቶበት ስናገኘው ከአፋችን የሚወጣውን ትሰማለች። እንግዳ ፊት እንዴት እንደምንጠራት፣ እንግዳው ከወጣ በኋላስ እንዴት እንደምንጠራት ታውቃለች። ጳውሎስ በቆላስይስ መልእክቱ ስለ መዝሙርና ስለ ምስጋና ከጻፈ በኋላ ወዲያው ወደ ቤት ውስጥ ኑሮ የገባው በምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ባልና ሚስትን፣ ወላጅና ልጅን፣ አገልጋይና ጌታን ተራ በተራ ያነሣል፤ ምዕራፍ 4ን ሲጀምርም ለጌቶች የሚናገረው፣ እነሱም በሰማይ ጌታ ስላላቸው ለሚያገለግሏቸው የሚገባውን በቅንነት እንዲያደርጉ ነው።

ስለ ደመወዝ ኦሪት የሚናገረው ግልጽ ነው። ዘሌዋውያን 19 የሠራተኛው ዋጋ አሠሪው ዘንድ እንዳያድር ይከለክላል። ዘዳግም 24 ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ሰውየው ድሃ ነው፣ ልቡ ያለው እዚያች ገንዘብ ላይ ነው፣ ፀሐይ ሳትገባ ካልተሰጠው ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል፣ ጩኸቱም በአሠሪው ላይ ኃጢአት ሆኖ ይቆጠራል። ያ ሕግ የዕለቱን ሠርቶ የዕለቱን ለሚበላ ሰው የወጣ መሆኑን፣ እኛም ዛሬ በወር እንደምንከፍል አውቃለሁ። ግን ስንቱ ቤት ነው ወሩ በሞላበት ቀን የሚከፍለው? ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ይወስደዋል፤ የሚጮኸው ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለው ደመወዝ ራሱ ነው ይለናል። ይህ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ልጆች ዝም የሚሉ ናቸው። እትዬን ገንዘቤን ስጪኝ ብሎ መጠየቅ ነውር ሆኖ ይሰማቸዋል። እሷ ዝም ብትልም ገንዘቡ ዝም አይልም።

ደመወዝ የሚቀርባቸው መንገዶች ብዙ ጊዜ ክፋት አይመስሉም። በጣም የተለመደው "እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ" የሚለው ነው። ልጅቷ በደላላ ከገጠር መጥታለች፤ መታወቂያ የላትም፣ የባንክ ደብተር የላትም፣ ከተማውን አታውቀውም። ገንዘቧ እጇ ከገባ ያታልሏታል፣ ታባክነዋለች እንላለን። በመጀመሪያው ወር ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል። ከዚያ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ የዕቁብ መክፈያ ይደርሳል። ተጠራቅሟል የተባለው ገንዘብ ሳናስበው ለቤቱ ወጪ ውሏል። ነገሩ የሚታወቀው ልጅቷ አንድ ቀን "ወደ አገሬ ልሂድ" ስትል ነው።

አንዲት ልጅ ሒሳቧን እንዳይላት የሰጠችኝን ወረቀት አልረሳውም። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ገጽ ነው። በግራ በኩል ወራቱ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ታች ተጽፈዋል፤ በቀኝ በኩል የሚቀነሰው አለ። ሁለት ብርጭቆ። አንድ ፔርሙስ። ለደላላ የተከፈለ። ከአገሯ የመጣችበት ትራንስፖርት። ለእናቷ የደወለችበት የስልክ ካርድ። ታማ የተገዛላት መድኃኒት። ከታች መስመር ተሰምሮ የቀረው ተጽፏል፤ ከዓመት ሥራ የቀራት የሦስት ወር ደመወዝ እንኳ አይሞላም። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት፤ የመደመር ስሕተት የለበትም። ወረቀቱን የጻፈችው እናት ደግሞ የታወቀች ጸሎተኛ ናት፤ ለሰው የምታዝን፣ ሐዘን ቤት ቀድማ የምትደርስ። ሸክሙም እዚህ ላይ ነው። በደልን ከክፉ ሰዎች ብቻ ስለምንጠብቅ፣ በጥሩ ሰዎች እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ሲመጣ አናውቀውም። ለታመመች ልጅ የተገዛ መድኃኒት ከደመወዟ ይቀነስ የሚል ቃል ግን በወንጌል ውስጥ የለም።

ስለዚህ ነገር ሲነሣ ብዙ አሠሪዎች "እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት" ይላሉ። ከልባቸው የሚሉት አሉ፤ ያደረጉትም አሉ፤ አስተምረው፣ ድረው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ቤተሰቦችን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ቃሉን ስንናገረው ትርጉሙን እንመዝነው። ልጃችን የት ነው የሚተኛው? ስንት ሰዓት ይነሣል? ሲታመም ማን አጠገቡ ያድራል? ምሳ ሲቀርብ ከማን ጋር ይበላል? እኛ በአንድ ትሪ የምንበላ፣ ጉርሻ የምንሰጣጥ ሕዝብ ነን፤ ወጡን የሠራችው ልጅ ግን በብዙ ቤት የምትበላው ሁሉም ከተነሣ በኋላ፣ ማድ ቤት፣ በርጩማ ላይ ሆና ነው። እንደ ልጅ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደመወዝ ሲጠየቅ መሆኑም ያሳዝነኛል። ልጅ ናት ካልን የልጅን ነገር ሁሉ እንስጣት፤ ሠራተኛ ናት ካልን ደግሞ የሠራተኛን ደመወዝና ዕረፍት እንስጣት።

መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ላይ የቤተ ልሔሙን ቦዔዝን ተመልከቱት። ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ይላቸዋል፤ እነሱም በእግዚአብሔር ስም ይመልሱለታል። የሥራ ቦታው ሰላምታ ይህ ነበር። ሩት ባዕድ ናት፣ ሞዓባዊት ናት፣ መበለት ናት፤ ዘመድ ያላት የማትመስል ሴት። ቦዔዝ አስቀድሞ ወጣቶቹ እንዳይነኳት አዘዘ። ወንዶች ባሉበት ቤት ሠራተኛ የምንቀጥር ሁላችን ይህን ልብ እንበል፤ ማታ በሯን ከውስጥ የምትዘጋበት መቀርቀሪያ መኖሩን ማረጋገጥ የአሠሪው ፈንታ ነው። ውኃ ሲጠማት ወንዶቹ ከቀዱት እንድትጠጣ ፈቀደላት። በምሳ ሰዓት ከአጫጆቹ አጠገብ አስቀመጣት፣ የተጠበሰ እሸትም ሰጣት፤ በልታ ጠገበች፣ ተረፋትም። ሁሉም የአንድ ተራ የሥራ ቀን ነገር ነው። ከዚያች ሴት ዳዊት እንደተወለደ፣ ክርስቶስም ከዚያ ዘር እንደመጣ ማቴዎስ በምዕራፍ 1 ይነግረናል።

ስለ ዕረፍትም እንነጋገር። በዘዳግም 5 የሰንበት ትእዛዝ ሲሰጥ ከእንስሳቱ እስከ እንግዳው ድረስ ተጠቅሷል፤ አገልጋዩና አገልጋይቱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ተብሎ በተለይ ተነግሯል፤ እስራኤልም በግብፅ ባሪያ እንደነበረ እንዲያስብ ታዟል። እኛ እሑድ ስንሄድ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ምሳውን ማን ያደርሳል? በፋሲካ ሰሞን ደግሞ የሁዳዴን 55 ቀን ጾመን በቅዳሜ ማታ ወደ ቅዳሴ ስንሄድ፣ እሷም የጾመች ልጅ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርቱን የከተፈች፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት አውጥታ ደጋግማ ያጠበች፣ ወጡ እንዳያርባት እሳቱ አጠገብ የቆመች እሷ ናት። ትንሣኤውን ግን ከድስቱ ጋር ሆና ትጠብቀዋለች። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾማቸው ለምን እንዳልተሰማላቸው ለጠየቁት ሰዎች ከሰጠው መልስ አንዱ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ማስጨነቃቸው ነው። ነቢዩ የተናገረው እየጾሙ ለነበሩ ሰዎች ነውና የሚመለከተው እኛን ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮናና በሊባኖስ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት የቤይሩት አሠሪዎች እህቶቻችንን በመኪና አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ሲያራግፏቸው አይተናል። ሻንጣቸውን ይዘው አስፋልት ላይ አደሩ፤ ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። አለቀስን፣ ጻፍን፣ ጸለይን፤ ደግ አደረግን። ያለቀስነው እንባ እውነተኛ ከነበረ ግን እዚሁ አጠገባችን ላለችው ልጅም ይፍሰስ። የእኛ አገር ሕግም ቢሆን ለእሷ ብዙ አልደረሰላትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልተቋቋመን የግል አገልግሎት ሥራ ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በዚህ ምክንያት የፋብሪካ ሠራተኛ በአዋጁ የሚጠይቀውን የሥራ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍትና የዓመት ፈቃድ እሷ በዚያ አዋጅ መጠየቅ አትችልም። ሕግ ባልደረሰበት ቦታ የሚቀረው እግዚአብሔርን መፍራት ነው፤ እኛ ደግሞ እግዚአብሔርን እንፈራለን ያልን ሰዎች ነን።

ኑሮ ከብዶናል የሚለውን አልክድም። ሠራተኛ የሚቀጥረው ሁሉ ሀብታም አይደለም፤ መምህርት ናት፣ ነርስ ናት፣ ሁለቱም ባልና ሚስት ካልሠሩ ቤቱ የማይቆምላቸው ናቸው። ደመወዝ መጨመር የማይችል ቤት በቀኑ መክፈል ግን ይችላል። ቀኑን ማሳለፍ ግድ ከሆነም ቁጭ ብሎ ነግሯት፣ መቼ እንደሚከፍል ቃል ገብቶ፣ ቃሉን መጠበቅ ይችላል። እነሱስ መች ይታመናሉ፣ ዕቃ ይዘው ይጠፋሉ የሚልም አለ። የደረሰበት ሰው ስለሚናገር አልቃወመውም፤ ጳውሎስም ለአገልጋዮች የታማኝነትን ትእዛዝ አስቀድሞ ሰጥቷል። ነገር ግን የአሠሪውን ትእዛዝ በአገልጋዩ ታማኝነት ላይ አላንጠለጠለውም። ኢዮብ በምዕራፍ 31 ራሱን ሲመረምር አገልጋዩ ወይም አገልጋይቱ ሲከራከሩት መብታቸውን ንቆ ከሆነ እግዚአብሔር ሲነሣ ምን እንደሚመልስ ይጠይቃል፤ እሱንም እነሱንም በማኅፀን የሠራቸው አንድ ነውና። ከሠራተኛ ጋር ተከራክሮ በአምላኩ ፊት የሚንቀጠቀጥ ባለጠጋ ነበር።

አንዲት ልጅ ሳትናገር ከቤት ስትወጣ "ጠፋች" እንላለን፤ ከዚያም የጎደለ ዕቃ ፍለጋ እንጀምራለን። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የእግዚአብሔር መልአክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገልጦ የምናነበው ከእመቤቷ ሸሽታ በምድረ በዳ ለተቀመጠች አገልጋይ ነው፤ ዘፍጥረት 16 ላይ ለአጋር። ስሟን ጠርቶ ከወዴት እንደመጣች፣ ወዴትም እንደምትሄድ ጠየቃት። ወደ እመቤቷ እንድትመለስ እንዳዘዛትም አልረሳሁም፤ ነገር ግን መከራዋን እግዚአብሔር እንደሰማ ነግሯት ነው የመለሳት፤ እሷም ያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው። አብርሃም የእምነት አባት ነው፤ በቤቱ የተበደለችውን ሴት እግዚአብሔር ማየቱን ግን የአብርሃም እምነት አላስቀረውም።

መጋቢዎች፣ ካህናት፣ ሰባክያን፣ ያዕቆብ ምዕራፍ 5ን ከመድረክ አንብቡልን፤ በየቤታችን ያለውን ስም ጠርታችሁ አስተምሩን። አሠሪ የሆናችሁ ወገኖቼ፣ እናንተ ጋ የተጠራቀመ የልጅቷ ገንዘብ ካለ ዛሬ ቁጠሩት። የብርጭቆውንና የመድኃኒቱን ቅናሽ ሰርዙላት። የሳምንት የዕረፍት ቀኗን ራሷ ትምረጥ፤ የምታመልክበትንም ቦታ። የማታ ትምህርት ከፈለገች ሰዓቷን አስተካክሉላት። ባንክ የሚያስገባ መታወቂያ ከሌላት ደግሞ በዚህ ሳምንት አብራችኋት ሂዱና ፋይዳ አስመዝግቧት፤ በገዛ ስሟ ደብተር ክፈቱላትና ደመወዟ ወሩ በሞላበት ቀን እዚያ ይግባላት።