ማኒኮቶና ፋሼታ በኪሱጉ

ባለመኪናው ኪሱጉ ወደሚገኘው ጠባብ ጋራዥ የገቡት የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ በደረት ኪሳቸው እንደያዙ ነው። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። እንጀራ ለየሆቴሉ የሚያደርሱበት አሮጌ ሱባሩ ፎረስተር ዳገት ላይ ጉልበት እያጣ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ አስቸግሯቸዋል። ሌላ ቦታ ያዩላቸው ሰዎች ቱርቦው ሞቷል ብለዋቸዋል።

«ልጄ፣ ከሞተም ሞቷል፤ አሮጌም ቢሆን ፈልገህ ለውጥልኝ» አሉ።

«ይቆዩ ጋሼ፣ መጀመሪያ እንየው» አለ ወጣቱ መካኒክ።

ኡጋንዳ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተሠሩ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው መኪኖች እንዳይገቡ በሕግ ከልክላለች። ቀድመው የገቡት የጃፓን መኪኖች ታዲያ ዕድሜያቸው የሚረዝመው በጥገና ነው፤ ጥገናው በግምት ሲሆን ግን የሚራቆተው የባለቤቱ ኪስ ነው።

ቱርቦ በሞተሩ ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነበር። አየር ሲጨመቅ ስለሚግል ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ወደ ማቀዝቀዣው በማኒኮቶ ይሻገራል። ማኒኮቶው ከተሰነጠቀ የተለካው አየር መንገድ ላይ ያመልጣል፤ ቤንዚኑ ግን ለተለካው አየር ተመጥኖ ይረጫል። ጥቁሩ ጭስ በደንብ ያልተቃጠለው ነዳጅ ነው። ችግሩ፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ስንጥቁ ይገጥማል፤ የሚከፈተው ግፊት ሲበረታ፣ ዳገት ላይ ነው። ቆሞ የሚመረምር ሰው ቱርቦውን ቢከስ አይገርምም።

ወጣቱ የቱርቦውን ዘንግ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ጥቂት ይነቃነቃል፤ ምላጮቹ ግን ግድግዳውን አይነኩም። ቀጥሎ የሳሙና ውኃ ቀብቶ በቀስታ አየር ነፋበት። ከጎማው ማኒኮቶ ሥር አረፋ ተንጨረጨረ። በሙቀትና በዘይት እንፋሎት ደርቆ ተሰንጥቋል።

ባለመኪናው ደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ምንም አልተናገሩም።

ማኒኮቶ፣ ፋሼታ፣ ካቻቢቴ፤ ጣሊያን ለኢትዮጵያ ጋራዦች ትቷቸው የሄደው ቃላት ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ድረስ ተሻግረዋል። የጋራዡ ረዳት የካምፓላ ልጅ ነው፤ ደንበኛን «ሴቦ» እያለ በሉጋንዳ ያስተናግዳል፤ ማሰሪያውን ግን ፋሼታ እንጂ ሌላ ስም አይጠራውም።

ከኪሴካ የመለዋወጫ ገበያ ሰማያዊ የሲሊኮን ማኒኮቶ መጣ። ሲሊኮን በጨርቅ ድርብ ተጠናክሮ ሲሠራ ከተራው ጎማ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ባለመኪናው ቀለሙ ማርኳቸው የቤንዚኑም እንዲቀየር ጠየቁ። ወጣቱ እምቢ አለ። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ያሳልፋል፤ ዘይትም ያብጠዋል። ውበቱን አይቶ የነዳጅ መስመር ላይ የሚገጥም ሰው እሳት እየጋበዘ ነው። በዘይት ለሚነካ ቦታም ውስጡ በፍሎሮሲሊኮን የተለበጠው ይፈለጋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ግን የጫፎቹ ጽዳት ነው። ዘይት የቀረበት ቧንቧ ላይ ማኒኮቶው በግፊት ሾልኮ ይወጣል። ወጣቱ ሁለቱን ጫፎች በአልኮል ወለወለ፤ ማኒኮቶውን ከቧንቧው ጠርዝ እብጠት አሳልፎ ሰካው፤ ፋሼታው ከእብጠቱ ወዲያ እንዲያርፍ አስተካከለ። አሮጌዎቹን ፋሼታዎች ጣላቸው። ጥርሳቸው የተቦረቦረ ስለሆነ ለስላሳውን ሲሊኮን እንደ ቢላ ይቆርጣሉ። ውስጣቸው ልሙጥ የሆኑትን መርጦ፣ ከመጠን በላይ ሳያጠብቅ አሰረ።

«ይኸው ነው?» አሉ ባለመኪናው፣ ትንሽም ቅር ያላቸው ይመስል። ቀናት ሙሉ ያስጨነቃቸው ነገር አንድ ክንድ በማትሞላ ጎማ ማለቁ ሳያሳፍራቸው አልቀረም።

«ዳገቱ ላይ ይንገረን» አለ ወጣቱ።

ከካባላጋላ ወደ ሙዬንጋ፣ ታንክ ሂል የሚባለውን ዳገት ተያያዙት። ፎረስተሩ ሳያፏጭ፣ ሳያጨስ ወጣ። ባለመኪናው በኋላ መስታወት ደጋግመው አዩ።

ሲሊኮን ሞቆ ሲቀዘቅዝ ማሰሪያው ይላላል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። የክፍያውን ደረሰኝ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ረዳቱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ መካኒኩ ሳይጠይቀው ካቻቢቴውን አቀበለው።