«ይሄ ምን እንጀራ ይሆናል?» ለምትሉ

ዘንድሮ ግቢ ለምትገቡ ታናናሾቼ አንድ ነገር ልበላችሁ።

ሥዕል ለብቻ፣ ሙዚቃ ለብቻ፣ ቴአትር ለብቻ ሲሰጥ ስናይ የማይገናኙ ይመስለናል። የድሮው ትምህርታችን ግን እንዲህ አልነበረም። አብነት ትምህርት ቤት የያሬድን ዜማ ያጠና ልጅ አቋቋም ሲገባ ያንኑ ዜማ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ይማረዋል። ጆሮው የሰማውን እግሩም ያውቀዋል። ቅኔ ሲጨምርበት ደግሞ ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ይለምዳል።

እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ይሄ ነገር የገባኝ ሦስተኛ ዓመት ሆኜ፣ የቆሎ ተማሪ ከነበረ የዶርም ጓደኛዬ ጋር ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም የሄድን ቀን ነው። አንዱ ሥዕል ፊት ቆመን እኔ «ምንድነው የሣለው?» እላለሁ። እሱ ግን «ቀለሙ የቱ ጋ ይደጋገማል? የቱ ጋ ያርፋል?» ይለኛል። ሥዕሉን እንደ ዜማ ነበር የሚያየው! ገብረ ክርስቶስ ራሱ ሠዓሊም ገጣሚም እንደነበር ሳውቅ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል ሳይ ምቱን፣ ግጥም ሳነብ ቀለሙን እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ኢንጂነሪንግም ግቡ ሕክምና፣ የቴአትር ተማሪዎች ሲለማመዱ ሄዳችሁ እዩ። ሙዚቃ ከሚማር ጓደኛችሁ ጋር ሥዕል ተመልከቱ። መምህራንም እባካችሁ እነዚህን ጥበቦች አንድ ኮርስ ላይ አገናኙልን።

ወላጆች፣ እኔ እንጀራዬን የምበላው በአካውንቲንግ ነው። ቅዳሜዬን የሚያጣፍጥልኝ ግን ያ የጓደኛዬ ጥያቄ ነው።

እናንተስ? ግቢ እያላችሁ እንዲህ ማየት ያስተማራችሁ ማን ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።