ጤፍን ፈጠርሁ ስላለ ኩባንያ

በደብረ ወርቅ ዙሪያ ያለ ገበሬ ጤፉን በኅዳርና በታኅሣሥ አጭዶ ይከምራል፤ ክምሩም ሰንብቶ ይወቃል፤ እህሉም ጎታ ገብቶ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ይፈጫል። ከአውድማ በቀጥታ ወደ ወፍጮ የሚሮጥ፥ ጎታው የተራቆተበት ሰው ነው።

ይኸው ነገር በ1999 ዓ.ም. በአውሮፓ ፈጠራ ተባለ። የአውሮፓ የፓተንት መሥሪያ ቤት ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ባለመብትነትን ሰጠው። ጥበቡስ ምንድር ነው ቢሉ፥ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ቢያንስ 4፥ ይልቁንም 8 ሳምንት ቆይቶ ቢፈጭ ለመጋገር ይስማማል የሚል ቃል ከውስጡ ይገኛል። የደብረ ወርቅ ባልቴት ይህን ብትሰማ፥ የመብቱን ነገር ትታ፥ ኩባንያው እስከዚያ ዘመን ድረስ ምን ይበላ እንደ ነበረ ትጠይቅ ይሆናል።

ኩባንያው በ2001 ዓ.ም. ከሰረ፤ መብቱ ግን አልቀረም። ኋላ ባለመብት የሆነው አንሺየንት ግሬይን፥ ቤክልስ የተባለውን የዳቦ ጋጋሪዎች ዕቃ አቅራቢ በዚሁ ዱቄት ምክንያት በሔግ ከተማ ከሰሰው። ፍርድ ቤቱም ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. (የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ በጎጃም ጤፍ አይታጨድበትም) አዲስ ጥበብ የለበትም ብሎ በሆላንድ የነበረውን መብት ሻረ። ኢትዮጵያ ከከሳሽም ከተከሳሽም ወገን አልነበረችም፤ ጤፍን ያስፈታው የሁለት ነጋዴዎች ጠብ ነው።