ገዢው የሚሰርዘው ውል የለውም

ላስታ ላይ መሬት አይሸጥም፤ ግን ይሸጣል። ወረቀቱ ላይ ስሙ «ስጦታ» ወይም «ኪራይ» ይሆናል እንጂ።

እስቲ አንድ የላሊበላ አስጎብኚ አስቡ። በደጉ ዘመን፣ ገና ሲደርስ አልጋ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ያጠራቀመውን ብር ይዞ ከከተማው ዳር ካለ ገበሬ ቦታ ገዛ። ሦስት ምስክሮች ፈረሙ። ወረቀቱ «ወድጄና ፈቅጄ ሰጥቻለሁ» ይላል፤ ብሩ አልተጻፈም። ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ ቱሪስቱ ቀረ። የገበሬው ልጆችም «የአባታችን ይዞታ ነው» ብለው ቦታውን ከለከሉት። አሁን ሰውየው የሚፈልገው ውሉን ሰርዞ ብሩን መውሰድ ብቻ ነው።

የገዛው ቤት ቢሆን መንገድ ነበረው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ ግዴታውን ካልፈጸመ ገዢ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማሰረዝና ኪሳራ መጠየቅ ይችላል። መሬት ግን በ1967ቱ አዋጅ ከገበያ ወጥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3)ም አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የሰውየው ውል የሚሰረዝ ሳይሆን ከመነሻው ሕገ ወጥ ሆኖ የሚፈርስ ነው።

ልዩነቱ ኪስ ውስጥ ይገባል። ውል ሲፈርስ፣ አንቀጽ 1815 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ መሬቱ ለገበሬው፣ ብሩ ለገዢው። ያውም የዚያን ጊዜው ብር፣ በዛሬ ገበያ። ለዚያም ቢሆን መክፈሉን ማስረዳት አለበት። በእጁ ያለው ወረቀት ግን በነጻ እንደተሰጠው ይናገራል። ሽያጩን ከቀበሌ የደበቀው ወረቀት ብሩን ከዳኛው ደበቀበት።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ያየ የወሎ ገበሬ በአንድ ክፉ ዓመት መሬቱን ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ይከላከላል። ግን ሽያጩን አላስቆመውም፤ የገዢውንም የሻጩንም ቃል ከሕግ ውጭ አደረገው እንጂ። ቦታው ሲወደድ ሻጭ «ሕገ ወጥ ነው» ይላል፤ ሲረክስ ደግሞ ገዢ።

ለአስጎብኚው የቀረው ሽማግሌ ነው። ብሩ ሲቆጠር ያዩት ሦስቱ ምስክሮች በሕይወት እያሉ ይሂድ። ገና ያልፈረመ ካለ ደግሞ፣ «ስጦታ» በሚል ወረቀት የሚከፍለውን ብር እንደ ስጦታ ይቁጠረው።