የአንድ ሌሊት ጎማ



ስልካችሁን ስትከፍቱ ደጋግሞ የሚመጣ ቪዲዮ አለ። አንድ ጠብደል የአሜሪካ መኪና፣ ብዙ ጊዜ ዶጅ ቻሌንጀር ወይም ፎርድ ሙስታንግ፣ ባለበት ቆሞ የኋላ ጎማውን እያሽከረከረ ሰፈሩን በነጭ ጭስ ይሸፍነዋል። ዙሪያውን የከበቡት ልጆች ያፏጫሉ፣ ይቀርጻሉ። እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ወደ ጎማው ነው። ሪያድ ውስጥ ስድስት ዓመት ጎሚስታ ሆኜ ሠርቻለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የእነዚህ መኪኖች ጉልበት የሚሄደው ወደ ኋላ እግራቸው ነው። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ነዳጅ ሲሰጥ የፊት ጎማዎቹ መኪናውን አንቀው ይይዙታል፤ የኋላዎቹን ግን ሞተሩ ያሸንፋቸውና ባሉበት ይሽከረከራሉ። የ2015 ሞዴሉ ቻሌንጀር ሄልካት 707 የፈረስ ጉልበት አለው። ያ ጉልበት መኪናውን ማራመድ ሲያቅተው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ላስቲኩ ይግላል፣ ይላላጣል፣ ይጨሳል።

ነገሩ ሲጀመር ለሥራ ነበር። በቀጥታ መስመር የፍጥነት ውድድር ላይ ተወዳዳሪዎች ከመነሳታቸው በፊት ለጥቂት ሰከንድ ጎማቸውን የሚያሽከረክሩት፣ የሞቀ ላስቲክ አስፋልቱን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። መንገድ ላይ ሲወጣ ሥራው ቀረና ጭሱ ብቻ ተረፈ። ሳዑዲ ውስጥ ደግሞ «ተፍሒጥ» የሚባል ታላቅ ወንድም አለው፤ ተራ የቤት መኪና በከፍተኛ ፍጥነት እየነዱ ወደ ጎን ማንሸራተት ነው።

ሐሙስ ማታ ሲሆን ልጆች ወደ ሱቃችን ይመጡ ነበር። አዲስ ጎማ አይፈልጉም። «ያ ሐበሺ፣ ለኋላ የሚሆኑ ሁለት ያለቁ ጎማዎች ስጠኝ» ይላሉ። ከሱቁ ጀርባ የተከመረ አሮጌ ጎማ አለ፤ የሱቁ ባለቤት በትንሽ ሪያል ሲሸጥለት ደስ ይለዋል። ለአንድ ሌሊት ነዋ!

አንድ ማታ ዕድሜው አሥራ ስምንት ያልሞላው የሚመስል ልጅ በአባቱ መኪና መጣ። የመረጠውን ጎማ ገልብጬ ሳየው በውስጥ በኩል ሽቦው ወጥቷል። እንዲህ ያለ ጎማ ሲግል ይፈነዳል፤ ቁራጩም እንደ ጅራፍ እየተወረወረ ያገኘውን ይመታል። አልሰጥህም አልኩት። «ቆሜ እኮ ነው የማሽከረክረው፣ የትም አልሄድም። ማንን እጎዳለሁ?» አለኝ።

ጥያቄው መልስ የሚገባው ነው። የሚሽከረከር ጎማ መሬት መያዙን ትቷል። መንገዱ ትንሽ ካዘነበለ የመኪናው ጅራት ወዳዘነበለበት ይሄዳል። እግርህ ከፍሬን ላይ ካመለጠ ደግሞ መኪናው ፊት ለፊቱ ወደቆመው ሰው ይዘላል። ቆሜ ነው ያልከው መኪና ሹፌሩ ያልፈቀደውን መንገድ የሚሄደው ያኔ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። አብሮኝ ይኖር የነበረ የአገሬ ልጅ ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ዳር ቆሞ ሲያይ የመኪና ጅራት እግሩን ሰበረው። ሹፌሩ ሄደ። ልጁ ኢቃማ ስላልነበረው ሐኪም ቤት ለመሄድ ፈርቶ ሁለት ቀን ክፍላችን ውስጥ አቃሰተ። ለእናቱ በየወሩ ብር ይልክ የነበረ ልጅ በክራንች አገሩ ገባ። መሪውን አልያዘም፣ ነዳጅ አልረገጠም፤ ተመልካች ነበር።

ሕጉ ቀላል አይደለም። ከ2016 ጀምሮ በተፍሒጥ መጀመሪያ የተያዘ 20,000 ሪያል ይቀጣል፣ መኪናውም ለ15 ቀን ይታሰራል። ሁለተኛው 40,000፣ ሦስተኛው 60,000 ነው። የመጀመሪያው ቅጣት ብቻ ከአንድ ዓመት ደሞዜ ይበልጥ ነበር። ሀብታም አባት ላለው ልጅ ግን ገንዘብ ሁሌም አያስቆመውም።

የሱቁ ባለቤት ገዢ በመመለሴ ተቆጣኝ። «ሽቦው የወጣ ጎማ ዕቃ አይደለም፣ ቆሻሻ ነው። ሸጠን ሰው ቢሞት እኔና አንተ አላህ ፊት ምን እንላለን?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ያለቀ ጎማ ስናወልቅ ጎኑን በቢላ ቀድደን እንከምር ጀመር። የተቀደደ ጎማ ማንም አይገዛም። ባለቤቱ አንድ ሳምንት አጉረመረመ፣ ከዚያ ለመደው።

ወንድሜ፣ መኪና መውደድ ነውር አይደለም፤ እኔም የሞተር ድምፅ እወዳለሁ። በእኛም ከተማ በሠርግ አጀብ መኪናና ሞተር ሳይክል አደባባዩን እየዞሩ ጎማ ሲያስጮኹ እናያለን። ሹፌሩን ማስቆም ላትችል ትችላለህ። ስልክህን ኪስህ መክተትና ጓደኛህን ክንዱን ይዘህ ከዚያ መራቅ ግን በእጅህ ነው። የሚያይ ከሌለ ማንም ሰው በሌሊት ብቻውን የገዛ ጎማውን አያቃጥልም።

አላህ ወጣቶቻችንን ይጠብቅልን።