አንገረብ፦ የሾዋክ አልጋና አያያዙ

ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ በአትባራ ወንዝ አጠገብ ሾዋክን ያገኛል። ወንዙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጎንደር ምድር የሚወርዱት ጓንግና አንገረብ፥ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ በስተ መጨረሻው ሰቲት የሚባለው ተከዜም ውሃቸውን የሚያዋሕዱት በዚሁ አካባቢ ነው።

በሾዋክ ግን አንገረብ የወንዝ ስም ብቻ አይደለም፤ በሱዳን ዐረብኛ አልጋ ማለት ነው። አራት እግርና አራት ዘንግ ያለው፥ መካከሉ በገመድ ወይም በጠፍር የተጠለፈ፥ የእኛን የጠፍር አልጋ የሚመስል የእንጨት አልጋ ነው። ሙቀቱ በቤት ውስጥ ስለማያስተኛ ብዙ ሰው አንገረቡን ወደ ግቢው አውጥቶ ከሰማይ በታች ያድራል። ቀን እንግዳ ይቀመጥበታል፤ በሠርግ ጊዜ ሙሽራ ይከበርበታል፤ ሰው በሞተም ጊዜ አስከሬኑ ወደ መቃብር የሚሸኘው በአንገረብ ነው። ስለዚህ አንገረብን መጠበቅ ለቤት ጌጥ ብቻ ማሰብ አይደለም።

የዚህ አልጋ ዘር ጥንታዊ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ጆርጅ ራይስነር እ.ኤ.አ. ከ1913 እስከ 1916 ዓ.ም. በሰሜን ሱዳን በከርማ ሲቈፍር፥ ሙታን በእንጨት አልጋ ላይ ተጋድመው የተቀበሩባቸውን መቃብሮች አግኝቷል። ዕድሜያቸውም ከ3500 ዓመት ያላነሰ ነው። ደረቅ ምድር ይህን ያህል ዘመን ያቈየውን እንጨት፥ በሾዋክ ግቢ ያለ ጠባቂ የተተወ እንደ ሆነ ጥቂት ክረምት ያበላሸዋል። ይህም የሚሆነው ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁ ስለሚመቱት ነው። የፀሐይ ብርሃን የእንጨቱን ጭረቶች እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዘውን ሊግኒን የተባለውን ነገር ይሰባብራል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ ደግሞ የላላውን አጥቦ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የእንጨቱ ፊት አመድማ ይሆናል፤ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ውሃ ይገባል።

ሆኖም አመድማው መልክ የእንጨቱ ሞት አይደለም። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥምና ከሥሩ ጤነኛ እንጨት አለ። ጉዳት የሚያስከትለው በእድፉ ላይ አዲስ ቀለም መቀባት ነው፤ እንዲህ ያለው ቀለም ከሞተው ጭረት ጋር አብሮ ይላጣል።

ሥራው ዝናብ ሳይጀምር ቢፈጸም መልካም ነው። በመጀመሪያ ጠፍሩ ወይም ገመዱ ይፈታል። ቀጥሎ እንጨቱ በጠንካራ ቡርሽና በጥቂት ሳሙና የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይታጠባል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በፀሐይ ቢደርቅ ስለሚሰነጠቅ፥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በጥላ ይቈያል። በደረቀም ጊዜ አስቀድሞ በሻካራ፥ ኋላም በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ጤነኛው መልክ ሲገለጥ የተፈለገው የእንጨት ቀለም ይቀባል፤ እርሱም ሲደርቅ ዘይት ይከተላል።

ገዳሪፍ የሰሊጥ አገር ስለ ሆነ የሰሊጥ ዘይት አይታጣም፤ ነገር ግን በሚገባ ስለማይደርቅ አቧራ ይሰበስባል። ለዚህ ሥራ የሚሻለው የተልባ ዘይት ነው። በስሱ ተቀብቶ ጥቂት ደቂቃ ከቈየ በኋላ እንጨቱ ያልጠጣው በጨርቅ ይጠረጋል። ከመሬት እርጥበት የሚስበውና ምስጥ የሚጀምረው የእግሩ ጫፍ ስለ ሆነ፥ እርሱ ደጋግሞ ዘይት ይጠጣ፤ እግሩም በድንጋይ ላይ ይቁም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ፥ ዘይቱ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ወዲያውኑ በውሃ ይነከር፤ ወይም ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ። የሣር ቤት በበዛበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሾዋክ የሱዳን የስደተኞች ጉዳይ ሥራ የሚመራባት ከተማ ነበረች፤ ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ ሰዎችም በዚህ አውራጃ ተጠልለዋል። ለአንድ ክረምት ብቻ ነው የመጣሁት የሚል ሰው ዕቃውን ለፀሐይ ይተወዋል። ክረምት ግን ክረምትን ይተካል፤ እንጨትም የባለቤቱን የመሄጃ ቀን አይጠብቅም። ሰው በቅርቡ የሚሄድ ቢሆን እንኳ ያደረበትን አልጋ አጽድቶ ቢተው፥ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ያርፍበታል።