ሁሉ ራስ ምታት ሳይነስ ሆነ እንዴ?

ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «እባክህ ዝጋው፣ ሳይነስ አለብኝ» የማይል ሰው ጠፋ። አቧራውም ሳይነስ፣ ሽቶውም ሳይነስ! ሐኪም ሳያየው ስም የወጣለት በሽታ ቢኖር ይሄ ነው።

ይኸውላችሁ፣ ሳይነስ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ሁላችንም አለን። በግንባር፣ በጉንጭ፣ በዓይኖች መሃልና ከአፍንጫ ኋላ ያሉ አራት ጥንድ የአጥንት ክፍተቶች ናቸው። ጉንፋን ሲይዘን ወደ አፍንጫ የሚያፈስሱበት ቀዳዳ ያብጥና ንፍጡ ታቁሮ ይቀራል። ፊት የሚከብደው ለዚህ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ታዲያ መድኃኒት ቤት ሄዶ «ስድስት ፍሬ ስጪኝ» ማለት ምን ይባላል?

ብዙው በ10 ቀን ውስጥ በራሱ ይለቃል። ባክቴሪያ የሚጠረጠረው ከ10 ቀን በላይ አልሻል ሲል፣ ተሻለኝ ካሉ በኋላ ብሶ ሲመለስ፣ ወይም 39 ዲግሪ ትኩሳትና መግል የመሰለ ንፍጥ ሦስት አራት ቀን ሲከታተል ነው። ንፍጡ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ምንም ማለት አይደለም። ሐኪሙ ጠይቆና አፍንጫ አይቶ ይለየዋል፤ ራጅ ካልተነሳሁ ብሎ መጨቃጨቅም የለም።

አንዲት የሰፈራችን ሴትዮ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ በኩል ብቻ የሚሸት ንፍጥ ሲወርዳት ኖረ። ያልዋጠችው እንክብል፣ ያላሸተተችው ዳማከሴ የለም። በኋላ የላይኛው መንጋጋ ጥርሷ ሥሩ በስብሶ ወደ ጉንጯ መግል ሲልክ ተገኘ። ጥርሱ ተነቀለ፤ «ሳይነሷም» አብሮ ሄደ። ያጠፋችው ገንዘብስ?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ «የሳይነስ ራስ ምታት አለብኝ» ባዮች ሲመረመሩ፣ ከ100ው 88ቱ የማይግሬን ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ራሳችሁን እየወቃችሁ፣ ብርሃን እያስጠላችሁ፣ እያቅለሸለሻችሁ ሳይነስ ነው ካላችሁ እስቲ ደግማችሁ አስቡበት።

ለእውነተኛው ሳይነስ ፓራሲታሞልና የጨው ውሃ ይረዳል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ሩብ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አፍንጫችሁን እጠቡ። ጥሬ የቧንቧ ውሃ ግን አይሆንም። አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ከጥቂት ቀን በላይ ካበዛችሁት መልሶ ይዘጋባችኋል። ልጆችን በፈላ ውሃ ማጠን ደግሞ ይቅርባችሁ፤ እንዳይቃጠሉ።

ዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም አንገት ከገተረ ግን አይነጋባችሁ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል!